ዝናቡ ሲዘገይ ምን ይዘራ? ቆላማው ወሎ ውስጥ የሚያርስ ቤተሰብ ላላቸው የንጽጽር መመሪያ

ይህን የምጽፈው ቆቦ፣ ሐብሩ፣ ቃሉ፣ ባቲ ወይም ከወሎ ወጣ ብሎ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ የሚያርስ አባት፣ አጎት ወይም ወንድም ላላችሁ ነው። አዲስ አበባም ሁኑ፣ ጅዳም ሁኑ፣ ዋሽንግተንም ሁኑ፣ በየክረምቱ አንድ ጥያቄ በስልክ ይመጣባችኋል፦ ዝናቡ ዘግይቷል፣ ምን ይሻላል? ገንዘብ የሚልክ ሰው ደግሞ ምክርም አብሮ ይልካል። "ማሽላውን ተዉትና ጤፍ ዝሩ።" "ኩሬ አስቆፍሩ።" "በሬውን ሽጡትና ሞተር ግዙ።" አንዳንዱ ምክር ጥሩ ነው። አንዳንዱ ግን ቤተሰቡን ዓመት ከዓመት የሚጎትት ጉዳት ያመጣል።

ስለዚህ ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። ከወዲሁ አቋሜን ልናገር፦ በዚያ አካባቢ ምርጫውን የሚወስነው ከዝናቡ መጠን ይልቅ ቀኑ ነው። እኔ ጥሩ አማራጭ የምለውም፣ ባይሳካ ወደሚቀጥለው ለመሻገር ጊዜና ገንዘብ የሚያስተርፈውን ነው።

"ዝናብ ቀረ" ሲሉ

አባቶች "ዝናብ ቀረ፣ ዘመኑ ተለወጠ" ይላሉ። የሜትሮሎጂ ጣቢያ መዝገብ ሲታይ ግን በብዙ ቦታ የክረምቱ ጠቅላላ ዝናብ ያን ያህል አልቀነሰም፤ ከዓመት ዓመት ነው ክፉኛ የሚዋዥቀው። ይህን ይዘው "ገበሬው ተሳስቷል" የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ገበሬው የሚመዝነው ሌላ ነገር ነው። ዝናቡ መቼ ጀመረ? መሃል ላይ ስንት ቀን ጠፋ? ማሽላው ሲያሸት ነበረ ወይ? በሁለት ከባድ ዶፍ የወረደ ዝናብ መዝገቡን ይሞላል፤ ማሳው ላይ ግን አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ሙቀቱም ጨምሯል፤ የወረደው እርጥበት ቶሎ ይተናል። የተሸረሸረ መሬት ደግሞ ውሃ አይዝም። ለሰብሉ ሥር የሚደርሰው ውሃ በእርግጥ ቀንሷል፤ ገበሬው የሚለውም ይህንኑ ነው።

በበልጉ ላይ ደግሞ መለኪያውም ገበሬውም አንድ ቃል ናቸው። በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ ከቀድሞው ተዳክሟል። ለቆላማው ወሎ ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ረጅሙ ማሽላ የሚዘራው በዚያ ዝናብ ጅራት ነውና።

"ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" ይባላል። ደጋ ላይ ያስኬድ ይሆናል። ቆላ ላይ ግን ዘግይቶ የተዘራ ማሽላ የሚያብበውና ፍሬ የሚይዘው ከቡሄ በኋላ ባሉት ሦስትና አራት ሳምንታት ነው። ዝናቡ በቡሄ ከቆመ አገዳው አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፣ ራሱ ግን ባዶ ይሆናል። ከሩቅ ለሚያይ ማሳው ያማረ ይመስላል። ባለቤቱ ግን ገብቶ አንዱን ራስ በመዳፉ ሲያሸው ገለባ ብቻ ነው የሚቀርለት።

የ2007ቱን ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው ሲሞቅ የአየር ጠባይን የሚያዛባው ክስተት) አስታውሱ። በልጉም ክረምቱም ከዳ፣ በ2008 ዕርዳታ የሚፈልገው ሰው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ኤልኒኖ ሲነሳ የሰሜኑና የመሃሉ አገር ክረምት የመዳከም ዕድሉ ይሰፋል። እርግጠኛ ትንቢት አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ነው። የሜትሮሎጂ የወቅት ትንበያም የሚወጣው "ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች" በሚል የዕድል ድርሻ ነው። "ከመደበኛ በታች" የሚለው ድርሻ ከፍ ካለ፣ ከዚህ በታች ካሉት ምርጫዎች ቶሎ ወደሚደርሱት ማዘንበል ይሻላል።

ረጅሙ ማሽላ ወይስ አጭሩ?

ትልቁ ክርክር ይህ ነው፤ ከተሜው በጣም የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

እንደ ደጋሊትና ጅጉርቴ ያሉት የአገር ዘሮች ሚያዝያ ላይ ይዘራሉ፣ ግማሽ ዓመትና ከዚያ በላይ ማሳ ላይ ይቆያሉ። ዝናቡ ከተስማማቸው የሚያህላቸው የለም። እንጀራቸው ይወደዳል። አገዳቸው ረጅምና ወፍራም ነው። አገዳ ደግሞ እዚያ ቤት ትርፍራፊ አይደለም። የበጋ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥርና ጣራ ነው። የሚያዝያው ዝናብ ሲቀር ግን ይህ በር ይዘጋል። ግንቦት አጋማሽ ድረስ ይጠበቅ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ረጅሙን ዘር መዝራት ጥቅምት ላይ ይዘንባል ብሎ መወራረድ ነው።

የምርምር ማዕከላት ያወጧቸው ቶሎ የሚደርሱት እንደ መልካም፣ ተሻለና ግራና ያሉት ናቸው። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ተዘርተው በአራት ወር ገደማ ይደርሳሉ። ማሳው አቀንጭራ (የማሽላን ሥር የሚመጥ ጥገኛ አረም) ካለበት ደግሞ ጎብዬና አብሽር የተባሉት እሱን እንዲቋቋሙ ተብለው የወጡ ናቸው። በወረቀት ላይ ሲታይ ምርጫው ቀላል ይመስላል፦ አጭሩን መዝራት ነው። ታዲያ አባት ለምን እምቢ ይላሉ?

አንደኛው ምክንያት አገዳው ነው። አጭሩ ማሽላ ቁመቱም አጭር ነው። እህሉ ቢገባ እንኳ በበጋው በሬው ምን ይበላል? ሁለተኛው ወፍ ነው። የአካባቢው ማሽላ ሁሉ ገና እሸት ሳይሆን የእናንተ ብቻ ቀድሞ ከደረሰ፣ ግሪሳ ወፍ ሌላ የሚያርፍበት የለውም። መንጋው አንድ ጊዜ ካረፈ ማሳውን በቀናት ይጨርሰዋል። ከማለዳ እስከ ማታ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚወነጭፍ ሰው ያስፈልጋል። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ጎረምሳው ሳዑዲ ከሆነ ማን ይጠብቃል?

ይህን ሳይሰሙ "አጭሩን ዝሩ" ማለት ምክር አይደለም። መፍትሔው ግን አለ። ጎረቤታሞች ተስማምተው ኩታ ገጠም በሆነ ማሳ አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ሳምንት ከዘሩ፣ ወፉም ይከፋፈላል፣ ጥበቃውም በተራ ይሆናል። ጎረቤት ካልተስማማ፣ አጭሩ ማሽላ ለቤት በቀረበውና ጥበቃ በሚመቸው ማሳ ላይ ብቻ ይዘራ። እኔ ብጠየቅ፣ በልጉ ጥሩ ባሳየበት ዓመት መሬቱን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለረጅሙ፣ ግማሹን ለአጭሩ እይዛለሁ። ሚያዝያ ላይ ጠብ ካላለ ግን ረጅሙን ለዚያ ዓመት እተወዋለሁ፤ ዘሩ ግን እንዳይጠፋ ጎታ ውስጥ ይቀመጣል።

ሐምሌ ሲጋመስ

ሰኔ በደረቁ አልፎ ሐምሌ ከተጋመሰ፣ አጭሩም ማሽላ ያሰጋል። የቀሩት በሮች ሁለት ናቸው፦ ጤፍና ማሾ የሚባለው አረንጓዴ ጥራጥሬ።

ጤፍ ብዙ ይችላል። ውሃ የተኛበትንም መሬት ይችላል፣ ዝናብ ሲቋረጥም እንደ በቆሎ ወዲያው አይሞትም። ዋጋው ከማሽላ ይበልጣል። ጭዱም ለከብት ተመራጭ ነው፤ በአገዳው የጠፋውን መኖ በከፊል ይተካል። ችግሩ ጉልበት ነው። መሬቱ ደጋግሞ መታረስ፣ ልስልስ ብሎ መውጣት አለበት። አረሙ በእጅ ነው። አጨዳውና ውቂያው ደቦ ይፈልጋል። በሬ የሌለው ወይም ልጆቹ የተሰደዱበት ቤት "ወደ ጤፍ ዙር" ቢባል መሬቱን ለእኩል መስጠት ሊገደድ ይችላል፤ ያኔ የምርቱ ግማሽ ሄደ ማለት ነው።

ዘር ስትገዙ ስሙን ጠይቁ። በ1998 የወጣው ቁንጮ በስሙ ገናና ስለሆነ ሁሉም እሱን ይላል። ቁንጮ ግን ክረምቱ አስተማማኝ በሆነበት አገር ነው የሚያምርበት። ዝናብ ቶሎ በሚያቋርጥበት ቆላ እንደ ቦሰት፣ ፀደይና ሲማዳ ያሉት ቀድመው የሚደርሱት ይሻላሉ። የመስከረም ዝናብ በርትቶ ከመጣ ጤፉ እንደሚጋሸብም አትርሱ፤ ማዳበሪያ የበዛበት ማሳ ደግሞ ይብሳል።

ማሾ ፈጣን ነው። በሁለት ወር ተኩል ገደማ ይደርሳል። መሬቱንም ያለመልማል፣ ከጤፍ ያነሰ እርሻ ይበቃዋል። ሸዋ ሮቢትና ቃሉ አካባቢ ብዙ ገበሬ የገባበትም ለዚህ ነው። ደካማ ጎኑ ገበያው ነው። እዚያ ቤት ማሾ የዕለት ምግብ አይደለም፤ የሚመረተው ለውጭ ገበያ ነው። ላኪው ዝም ካለ ነጋዴው ዋጋ ይሰብራል። ቤት ላቆየው ቢሉ ነቀዝ አይተወውም። ፍሬውም በአንድ ጊዜ ስለማይደርስ ለቀማው መመላለስ አለው። ስለዚህ ማሾ ጥሩ የገንዘብ ሰብል ነው፤ ብቸኛ ሰብል ከሆነ ግን ቤተሰቡ ማሽላ ከገበያ ገዝቶ ሊበላ ነው፣ ያውም የእህል ዋጋ በወጣበት ዓመት። ዕዳ ያለበትና እህል ከአምና የተረፈው ቤት ማሾ ቢያበዛ ይገባኛል። ጎታው ባዶ የሆነ ቤት ግን መጀመሪያ የሚበላውን ይዝራ።

በቆሎን ብዙ አላወራም። የመልካሳ ምርምር ማዕከል ዝርያዎች ቶሎ ይደርሳሉ፣ እሸቱም ረሀብን ይሰብራል። ነገር ግን በቆሎ ሲያብብ ዝናብ ሁለት ሳምንት ከጠፋበት ምርቱ አብሮ ይጠፋል። ከ2009 ወዲህ ደግሞ መጤው ተምች አለበት። መስኖ ወይም ጎርፍ የሚደርስበት መሬት ላይ ብቻ ይሁን።

የመጨረሻው በር የሚከፈተው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ዋልካ (ውሃ የሚይዝ ጥቁር ጭቃማ) መሬት ያለው ሰው ሽምብራ ወይም ጓያ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያበቅላል። በዚህ ጊዜ ጓያ ከሽምብራ ይበልጥ ድርቅን ይችላል፣ ዘሩም ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ ጓያን ለወራት ዋና ምግብ አድርጎ መብላት እግርን ሽባ ያደርጋል፤ የማይድን ሽባነት ነው። የሚያጠቃውም በአብዛኛው ወጣቱን ነው። ሌላ እህል ያለው ቤት ደባልቆና አሳንሶ ይበላዋል። ሌላ እህል የሌለው ቤት ጓያ ሲዘራ ከሰማችሁ፣ ገንዘብ የምትልኩበት ጊዜ ያ ነው።

ውሃው ላይ ገንዘብ ከማውጣት በፊት

ብዙ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስበው ኩሬ ወይም ሞተር ነው። ከሁሉም የሚቀድመው ግን ወጪ የሌለው ነው፦ ሽልሻሎ።

ማሽላው ጉልበት ገደማ ሲደርስ በሬ ተጠምዶ በቡቃያው መሃል ይታረሳል። ማረሻው የበዛውን ቡቃያ ያሳሳል፣ አረሙን ይገለብጣል፣ የደረቀውን የአፈር ቅርፊት ይሰብራል፣ ሲያልፍም ቦይ ትቶ ይሄዳል። የተነቀለው ቡቃያ ለከብት ነው። (በድርቅ የጠወለገ ለጋ ማሽላ ግን ከብት ይገድላል፤ ገበሬው ይህን ያውቃል፣ ለእረኛው ልጅ መንገር ነው።) ቦዩ ተዳፋቱን አቋርጦ ከሄደ ውሃ ይይዛል። ቁልቁል ከሄደ ጎርፍ ይጠራል። በዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጨመር፦ ቦዩን በየጥቂት እርምጃው በአፈር መዝጋት። ያኔ እያንዳንዷ ቁራጭ ቦይ የወረደውን ዝናብ ባለበት ታሰርጋለች። ሥራው ዶማና ጉልበት ነው። ዋልካ መሬት ላይ ግን ዝናቡ ከበረታ ውሃው ይተኛል፤ የተዘጋውን ቦይ ቶሎ መክፈት ያስፈልጋል።

ቆቦ አካባቢ ሌላም የቆየ ዘዴ አለ፤ ጎርፍ ጠለፋ። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በቅርንጫፍና በአፈር ገድቦ ወደ ማሳ መምራት ነው። ውሃውም ደለሉም ይገኛል። ትልቅ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ግድቡ ይወሰዳል፣ እንደገና ይሠራል። ይህ የግለሰብ ሳይሆን የመንደር ሥራ ነው። ገንዘባችሁ ለአንድ ቤት ብቻ ከሚሄድ፣ መንደሩ ጠለፋውን በድንጋይና በሽቦ እንዲያጠናክር ብታዋጡ ብዙ ቤት ይጠቀማል።

አሁን ወደ ኩሬው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየጓሮው ኩሬ የማስቆፈር ዘመቻ ነበር። ብዙዎቹ ውሃ ሳይዙ ቀሩ፤ ቦታቸው አልተመረጠም፣ ወይ ሰረጉ፣ ወይ ደለል ሞላቸው። ዛሬ ጂኦሜምብሬን የሚባለው ወፍራም ላስቲክ ስርገቱን ያስቀራል። እስቲ እናስላው። 100 ሜትር ኩብ የሚይዝ ኩሬ አንድ ጥማድ ማሳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ላይ ቢፈስ 4 ሳንቲ ሜትር ውሃ ነው። አንድ ጥሩ ዝናብ ማለት ነው፤ ያውም ሳይተን ሁሉም ከደረሰ። ስለዚህ ኩሬ የማሽላ ማሳ አያድንም። የሽንኩርትና የቃሪያ መደብ፣ የፍራፍሬ ችግኝ፣ ጥጃና ፍየል ያድናል። ለዚያ ከሆነ ጥሩ ነው። አጥር ይኑረው፤ ሕፃን ይገባበታል፣ የወባ ትንኝም ይራባበታል።

የእጅ ጉድጓድና ሞተር ከኩሬ ይበልጣሉ፤ ከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ከሆነ ብቻ። ጉድጓዱ የሚቆፈረው ውሃው እጅግ በወረደበት ጊዜ፣ በመጋቢትና በግንቦት መሃል መሆን አለበት። ጥቅምት ላይ የተገኘ ውሃ መጋቢት ላይ ላይኖር ይችላል። ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት ጉድጓዱ አንድ በጋ ይፈተን። ነዳጁንም አስቡት፤ ሞተር የላከ ልጅ ነዳጅም ሲልክ ይከርማል። ሁለት ሦስት ቤት በጋራ ቢገዙት ይቀላል፣ ተራው ግን ከመጀመሪያው በሽማግሌ ፊት ይወሰን።

ከብቱ ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

በድርቅ ዓመት ሁሉም አንድ ቀን ወደ ገበያ ይወጣል። የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል። ስለዚህ የሚሸጥ ካለ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይሸጥ እንጂ ጥቅምት አይጠበቅ። መጀመሪያ የሚሸጠው ወይፈንና የማትወልድ ላም ነው። ፍየል ቅጠል በልታ ትኖራለች፣ ቶሎም ትወልዳለች፤ ለመሸጥም ለመተካትም ትቀላለች። የእርሻ በሬ ግን የመጨረሻው ይሁን። በሬ የሸጠ ቤት በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ቢመጣም አያርስም።

እዚህ ላይ ከሩቅ ያለ ሰው ብዙ መርዳት ይችላል። በክፉ ዓመት ለመኖ መላክ፣ ለጭድ፣ ለፉርሽካ፣ ለፋጉሎ፣ ከየትኛውም ሌላ ወጪ ይልቅ ቤቱን ያቆማል ብዬ አምናለሁ። ጭዱ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ገና ውቂያው እንዳለቀ ይገዛ።

ኢንሹራንሱስ?

የአየር ሁኔታ ኢንሹራንስ በ2001 ትግራይ ውስጥ አዲ ሃ በምትባል መንደር በ200 ቤተሰብ ተጀመረ፤ ገንዘብ የሌለው ገበሬ በጉልበት ሥራ እንዲከፍል መፈቀዱ ጥሩ ፈጠራ ነበር። አሠራሩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። የሚከፈለው ማሳችሁ ታይቶ አይደለም፤ በአካባቢው የተለካው ዝናብ ወይም በሳተላይት የታየው ልምላሜ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ነው። የእናንተ ማሳ ደርቆ መለኪያው ደህና ካለ ምንም አይከፈልም። አረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው) አነስተኛ ከሆነና ብድር ለማግኘት የሚያግዝ ከሆነ መግባት አይከፋም። በእሱ ተማምኖ ግን የአጭሩን ማሽላ ዘር አለመያዝ ስህተት ነው።

ገንዘቡ መቼ ይላክ?

በሬም ጉልበትም ያለው ቤት አጭር ማሽላና ጤፍ ይዞ ይጠብቅ። በሬ ያለው፣ ሰው ያነሰው ቤት ማሽላና ጥቂት ማሾ ይሻለዋል። አንዲት እናት ብቻቸውን የሚመሩት ቤት ከሆነ፣ መሬቱ ለእኩል መሰጠቱ ስለማይቀር፣ ከአራሹ ጋር የሚደረገው ውል ውስጥ የዘሩ ዓይነት አብሮ ይገባ። ያለዚያ የሚዘራውን የሚመርጠው አራሹ ብቻ ነው።

የምትልኩትን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ እጅ ግንቦት ላይ ይድረስ፤ የአጭር ማሽላም የጤፍም ዘር አብሮ ይገዛበት፣ ዝናቡ የትኛውን እንደሚያዘራ ገና አይታወቅምና። ያልተዘራው ዘር ለከርሞ ይቀመጣል፣ ወይም መድኃኒት ያልተቀባ ከሆነ ብቻ ይበላል። ሌላው እጅ እስከ ቡሄ እናንተው ጋ ይቆይ። ያኔ ደውላችሁ "ዝናቡ እንዴት ነው?" ብቻ አትበሉ። "እርጥበቱ ምን ያህል ጠልቋል? ማሽላው የት ደርሷል? ጎረቤት ምን ዘራ? ገበያ ላይ በሬ ስንት ገባ?" በሉ። መልሱ መኖ ይገዛ፣ ሽምብራ ይዘራ፣ ወይስ የቀን ሠራተኛ ይቀጠር የሚለውን ይነግራችኋል።

ዘሩ ከማኅበሩ ይሁን ከገበያ፣ ሳይዘራ ይፈተሽ። 100 ፍሬ ተቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሳምንት ያህል ይቀመጥ፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ ይታይ። 80 ያህሉ ካልበቀለ ሌላ ዘር ይፈለግ። ይህ ግን ግንቦት ላይ መሠራት አለበት፤ ሐምሌ ላይ ጥሩ ዘር ፍለጋ ወረዳውን ቢዞሩት አይገኝም።